ካስማውና ቋጠሮው

የዓባይ መውጫ ላይ ገና ግድብ ሳይሠራ፣ በፎገራ በኩል ጣና ዳር፣ ባሏ የሞተባት አንዲት ሴት ነበረች። መሬቷ ጥቂት ነው፤ ከዚያም ላይ ግማሹ ባሕር ሸሽ ነው። ክረምት ሲገባ ጉማራና ርብ ሞልተው ይወርዳሉ፣ ጣና ይነሳል፣ መሬቷን ይውጠዋል። መስከረም ሲያልቅ ውኃው ማፈግፈግ ይጀምርና እስከ ግንቦት መጨረሻ እየሸሸ ይሄዳል። ከላይ እስከ ታች ቢለካ የሚወርደው አንድ ሜትር ተኩል ያህል ነው፤ አገሩ ለጥ ያለ ሜዳ ስለሆነ ግን አንድ ጣት ውኃ በወረደ ቁጥር ብዙ ርምጃ እርጥብ መሬት ይገለጣል። የአገሬው ሰው ያን እርጥበት ከኋላ ከኋላው እየተከተለ ሽምብራና ጓያ ይዘራል።

ጭንቁ ያለው የመዝሪያው ቀን ላይ ነው። ቸኩለው ከዘሩ ውኃው ተመልሶ ይመጣና ዘሩ ይበሰብሳል። ከዘገዩ ደግሞ ጭቃው ደርቆ ይሰነጠቃል፤ የተዘራውም ሳይበቅል ይቀራል። ሴትዮዋ የራሷ በሬ የላትም፤ የመጀመሪያው ዘር ቢበላሽ ደግማ የምትዘራውም የላትም። ስለዚህ አሥራ ሁለት ዓመት የሞላውን ልጇን ጠርታ፣ «ልጄ፣ ጠዋት ጠዋት እየወረድህ ውኃው የት እንደ ደረሰ እያየህ ንገረኝ» አለችው።

ልጁ ካስማ ቆረጠ፣ ከዳር ትንሽ ገባ ብሎ ተከለው፣ በጣት በጣት ልክ በቢላዋ ምልክት አወጣበት። በማግሥቱ ሲያይ ውኃው ከትናንቱ አራት ጣት ዝቅ ብሏል። እየሮጠ መጥቶ ገና ከደጅ፣ «እማዬ፣ አራት ጣት ወረደ!» አላት። እናት ደስ አላት። ዘሩን ከጎታው አወጣች፣ ጎረቤት ሄዳ በሬ ለመነች። በሦስተኛው ቀን ልጁ ሲሄድ ውኃው አምስት ጣት ወጥቷል። እግሩን እየጎተተ ተመለሰ፤ እናትም ዘሩን ወደ ጎታው መለሰች፣ ባለበሬውንም ይቅርታ ጠየቀች። በአራተኛው ቀን ሁለት ጣት ወረደ። በአምስተኛው ሦስት ወጣ።

ሁለት ሳምንት እንዲህ አለፈ። ውኃው ሲወርድ ቤቱ ሞቅ ይላል፣ ቡናው ይፈላል፣ እናት ከሰው ጋር ታወጋለች። ሲወጣ ፊቷ ይጠቁራል፤ «ምን በድዬ ነው?» እያለች ታለቅሳለች፤ አንዳንዴም ምንም ያላጠፋውን ልጅ ትቆጣዋለች። ልጁም የእናቱ ደስታና ኀዘን ከእሱ አፍ በሚወጣው ቁጥር ላይ መንጠልጠሉን ካወቀ ወዲህ ጠባዩ ተለወጠ። በመጀመሪያ፣ ነፋስ በበዛበት ጠዋት «እግሬን አሞኛል» እያለ መውረዱን ተወ። ቀጥሎ ደግሞ በቀን አራት አምስት ጊዜ እየወረደ መለካት ጀመረ፤ ውኃው ዝቅ ያለበትን ሰዓት እስኪያገኝ ድረስ ይመላለሳል፤ ያንን ብቻ ይዞ ወደ ቤት ይገባል።

በዚያው ሰሞን አንድ ጎረቤታቸው፣ ውኃው ጸጥ ብሎ ዝቅ ያለበትን ጠዋት አይቶ፣ «በቃ ሸሸ» ብሎ እስከ ውኃው አፍ ድረስ ዘራ። በሦስተኛው ሌሊት ነፋስ ተነስቶ ውኃው መሬቱን መልሶ ተኛበት። ሲለቀው ሽምብራው አብጦ ሸትቷል።

ከካስማው እልፍ ብሎ ደንገል የሚያጭዱ፣ ታንኳ የሚሠሩ ሽማግሌ ነበሩ። ልጁ ሲመላለስ ብዙ ቀን ሲያዩት ቆይተው አንድ ቀን ጠሩት።

«ዛሬ ስንት ጊዜ ለካህ?»

«አራት ጊዜ፣ አባባ።»

«ለእናትህ የምትነግራት የትኛውን ነው?»

ልጁ ዝም አለ።

«ዝቅ ያለውን ነዋ» አሉ ሽማግሌው፤ ድምፃቸው ግን ቁጣ የለበትም። «አየህ ልጄ፣ ይኼ ባሕር ሁለት ዓይነት አካሄድ አለው። አንዱ የነፋሱ ነው። ነፋስ ከወዲያ ማዶ ሲነሳ ውኃውን ወደ እኛ ይገፋዋል፤ ሲዞር ያንኑ ውኃ መልሶ ይወስደዋል። ያን ጊዜ ባሕሩ አልጨመረም፣ አልጎደለም። ሁለተኛው የራሱ የባሕሩ አካሄድ ነው፤ እሱ በቀን ግማሽ ጣት ቢሄድ ነው። ግማሽ ጣቷን ከአምስት ጣት ማዕበል ውስጥ በዓይንህ ለይተህ ልታያት አትችልም። እኔም በዚህ ዕድሜዬ አልችልም።»

«ታዲያ ምን ላድርግ?»

ሽማግሌው ከደንገሉ ልጥ ቀደዱና ካስማው ላይ፣ ውኃው በዚያ ሰዓት በነካበት ቦታ ላይ ጠበቅ አድርገው ቋጠሩት። «ነገ ጀንበር ሳትወጣ ና። አንዴ ብቻ ለካ። ነፋስ ቢኖርም ና፣ ባይኖርም ና፤ ደስ ቢልህም ና፣ ቢከፋህም ና። ውኃው ከቋጠሮው ምን ያህል እንደ ራቀ እይ። ከዚያ ርቀቱን አሥር ቦታ ክፈለውና ቋጠሮውን ወደ ውኃው አንዱን እጅ ብቻ አስጠጋው። አሥር ጣት ወጥቶ ካገኘኸው አንድ ጣት ወደ ላይ፣ አምስት ጣት ወርዶ ካገኘኸው ግማሽ ጣት ወደ ታች። ለእናትህም የውኃውን ነገር ተወው፤ የቋጠሮውን ንገራት።»

ልጁ አልተዋጠለትም። «አባባ፣ ውኃው አሥር ጣት ወጥቶ እያየሁ አንድ ጣት ብቻ ከፍ ባደርገው ውሸት አይሆንብኝም?»

«ነገም እዚያው ካገኘኸው ነገም አንድ ትጨምርለታለህ። ከነገ ወዲያም እንዲሁ። እውነት ከሆነ እዚያው ይጠብቅሃል። ነፋስ ከሆነ ጥሎህ ይሄዳል።»

ልጁ እንደ ተነገረው አደረገ። የመጀመሪያው ሳምንት አሰልቺ ነበር። ቋጠሮው ግማሽ ጣት ወደ ታች፣ ሩብ ጣት ወደ ላይ፣ ደግሞ ትንሽ ወደ ታች፤ ለእናቱ የሚነግራት ነገር ስላልነበረው፣ «እንዳለ ነው» እያለ ገባ። እሷም መጀመሪያ ላይ ዋሸኝ ብላ ተጠራጠረች። በሁለተኛው ሳምንት ግን ልጁ አንድ ነገር ልብ አለ፤ ከሰባቱ ጠዋት በስድስቱ ውኃው ያለው ከቋጠሮው በታች ነው። አንዳንዴ አንድ ጣት፣ አንዳንዴ ስድስት ጣት፣ ግን በታች። ቋጠሮው ደግሞ ቀስ እያለ ወደ ታች እየተከተለው ነው። በዚያ ሳምንት መጨረሻ ላይ ከመጀመሪያው የልጥ ምልክት ጋር ሲያስተያየው ቋጠሮው ሦስት ጣት ያህል ወርዷል። ልጁ ለመጀመሪያ ጊዜ የነፋሱን አካሄድ ከባሕሩ ለይቶ አየ።

ከዚያ ወዲህ የዘር ነገር በቋጠሮው ሆነ። ከቋጠሮው አንድ ስንዝር ከፍ ያለው መሬት ነፋስም ቢነሳ ውኃው አይደርስበትም፤ እስከዚያ ይዘራል፤ ቋጠሮው ሲወርድ ዘሩም አንድ ትልም ሁለት ትልም እያለ ይወርዳል።

ፈተናው የመጣው ኅዳር ላይ ነው። ሌሊቱን ሙሉ ነፋስ ሲያጓራ አድሮ፣ ጠዋት ውኃው ከቋጠሮው ስንዝር ሙሉ ወጥቶ ተገኘ። በመንደሩ ጩኸት ሆነ፤ አንዳንዱ የዘራውን መሬት በአፈር ሊከትር አካፋ ይዞ ሮጠ። እናቲቱም ነጠላዋን አሸርጣ እየሮጠች መጣችና፣ «አለቀልን! ቋጠሮህ ምን ይላል አሁን?» አለችው። ልጁ እጁ እየተንቀጠቀጠ ለካ፤ ቋጠሮውን አንድ ጣት ከምናምን ከፍ አደረገው። «እማዬ፣ ከፍ አድርጌው እንኳ ካለፈው እሑድ ዝቅ ብሎ ነው ያለው» አላት። እሷ ውኃውን አየች፤ ቋጠሮውን አየች። ዓይኗ የሚያየውን ትቶ ልጥ ማመን እንዴት እንደሚከብድ፣ ያንን ጠዋት የኖረ ያውቀዋል። ያም ሆኖ አካፋ አላነሳችም። በሦስተኛው ቀን ውኃው ተመልሶ ከቋጠሮው በታች ገባ።

ያን ዓመት ምርቷ ከሁሉም በለጠ አልልም። ዘሯን ሁለቴ አልዘራችም፤ በሬም በከንቱ አልለመነችም፤ ልጁም ከቁርስ በፊት አላለቀሰም። እኔ ይህን ትልቅ ነገር እለዋለሁ።

አንድ ነገር ልጨምር፤ ይህ ከታሪኩ ቢቀር ምሳሌው ጎደሎ ይሆንብኛል። ከጥቂት ዓመት በኋላ ያለ ወቅቱ ዝናብ ጣለ። ልጁ፣ አሁን ጎረምሳ ነው፣ አሥራ ሁለት ጠዋት በተከታታይ ወርዶ ውኃውን ከቋጠሮው በላይ አገኘው። ነፋስ አልነበረም። ቋጠሮው ሳይወድ በግድ ወደ ላይ እየተከተለ ነው። ወደ ቤት ገብቶ፣ «እማዬ፣ ዘንድሮ አልሸሸም። ታችኛውን መሬት እንተወው» አላት። ቋጠሮው ለማጽናኛ ብቻ የታሰረ ቢሆን ኖሮ ያንን ቀን አይናገርም ነበር።

*

ይህን ያወራሁት ጠዋት ጠዋት ሚዛን ላይ ለሚወጣ ሰው ነው።

ከአዋቂ ሰው ክብደት ከግማሽ በላዩ ውኃ ነው፤ የውኃው መጠን ደግሞ በየዕለቱ ይለዋወጣል። ጨው የበዛበት ወጥ የበላ ሰው ሰውነት ውኃ ይይዛል። ጉበትና ጡንቻ ውስጥ ለስንቅ የሚቀመጠው ግላይኮጅን የሚባለው ስኳር፣ ሲሞላ ግማሽ ኪሎ ገደማ ይሆናል፤ እያንዳንዱ ግራሙም ሦስት ግራም ያህል ውኃ ይዞ ይቀመጣል። ብዙ ሴቶች የወር አበባ ሊመጣ ሲል እስከ አንድ ኪሎ፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይጨምራሉ፤ አበባው ሲመጣ ይወርዳል። ስለዚህ አንዲት ሴት የዚህን ሳምንት ክብደቷን ካለፈው ሳምንት ይልቅ ካለፈው ወር ተመሳሳይ ሳምንት ጋር ብታስተያየው እውነቱን ታገኛለች። ተኝተን ሳለ እንኳ በትንፋሽና በማይታይ ላብ ክብደት እንቀንሳለን። የፓዶቫው ሐኪም ሳንቶሪዮ ይህን ለማወቅ ከሚዛን ላይ የተንጠለጠለ ወንበር ሠርቶ የሚበላውንም፣ የሚያስወግደውንም፣ ራሱንም ለብዙ ዓመት ሲመዝን ኖሮ፣ በ1614 እ.ኤ.አ. መጽሐፍ አድርጎ አወጣው። ከበላው አብዛኛው ዓይን በማያየው መንገድ እንደሚወጣ ያወቀው ከዚያ ወንበር ላይ ነው።

የፋሲካን ማግሥት እናስበው። አንድ ሰው ክብደቱን እንደ ልጁ በቋጠሮ እየተከተለ 55 ቀን ጾሞ፣ ቋጠሮው 78 ኪሎ ላይ ደርሷል። ዶሮው፣ ቅቤው፣ ዳቦው፣ ጠላው አልፎ ሰኞ ጠዋት ሚዛኑ 80 ይላል። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ተስፋ ይቆርጣል፤ «የሁለት ወር ልፋቴ በአንድ ቀን ጠፋ» ብሎ የቀረውን በዓል በብስጭት ይበላዋል። ይህ ያሳዝነኛል፣ ምክንያቱም ውሸት ነው። አንድ ኪሎ የሰውነት ስብ 7,700 ኪሎ ካሎሪ ገደማ ይይዛል። በአንድ ቀን ሁለት ኪሎ ስብ ለመጨመር፣ ሰውነት ለዕለቱ ከሚያቃጥለው በላይ ከ15,000 የሚበልጥ መብላት ያስፈልጋል፤ ይህ ለአንድ ሰው የሳምንት ምግብ ነው። የተጨመረው በአብዛኛው ጨው የያዘው ውኃ፣ ተመልሶ የሞላው ግላይኮጅን፣ ሆድ ውስጥ ያለው ምግብም ነው።

እንግዲህ ይህ ሰው ቋጠሮውን ያንቀሳቅስ። ልዩነቱ 2 ኪሎ ነው፤ አንድ አሥረኛው 0.2፤ ቋጠሮው 78.2 ይሆናል። በማግሥቱ ሚዛኑ 79.2 ቢል ልዩነቱ 1 ነው፤ ቋጠሮው 78.3። ቀጥሎ 78.3 ቢል ቋጠሮው እዚያው ይቆያል። ከዚያ 77.5 ቢል 78.2 ላይ ተመልሷል። ሚዛኑ ሁለት ኪሎ ተኩል ሲዋዥቅ ቋጠሮው የተነቃነቀው ሦስት መቶ ግራም ብቻ ነው። ከሶፍትዌር ኩባንያው አውቶዴስክ መሥራቾች አንዱ የሆነው ጆን ዎከር በ1991 እ.ኤ.አ. ስለ ክብደት ቅነሳ በጻፈው መጽሐፉ ውስጥ አንባቢዎቹን ያስተማረው ይህንኑ የአንድ አሥረኛ ስሌት ነው። ሒሳቡ ለሚከብደው ሰው የሰባት ቀን ክብደት ደምሮ ለሰባት ማካፈልና ሳምንትን ከሳምንት ጋር ማስተያየትም ያው ሥራ ይሠራል። የጾም መግቢያ ሰሞን በአራት ቀን ሁለት ኪሎ ቢወርድም ስሌቱ ያው ነው፤ ያም በአብዛኛው ውኃ ነውና ገና አይጨፈርበት።

ታዲያ ልኬቱ እንደ ልጁ የጀንበር መውጫ ልኬት መሆን አለበት፤ ያው ሚዛን፣ ያው ሰዓት፣ ከመጸዳጃ መልስ፣ ቁርስ ሳይቀመስ፣ በቀላል ልብስ። አዲስ አበባ ውስጥ አስፋልት ዳር ሚዛን ዘርግተው በጥቂት ብር የሚመዝኑ ልጆች አሉ፤ ዛሬ ምሳ በልቶ ከነጫማውና ከነጃኬቱ የተመዘነ ሰው የዛሬ ወር በሌላ ሰፈር ሚዛን ላይ ቢወጣ ሁለቱ ቁጥሮች አይተዋወቁም። ከሁሉ ይበልጥ የማሳስበው ግን መጥፎውን ቀን አለመዝለል ነው። ከበዓል ማግሥት ሚዛኑን አልጋ ሥር የሚገፋ ሰው፣ ዝቅ ያለውን ሰዓት እየፈለገ ይመላለስ እንደ ነበረው ልጅ ነው፤ የራሱን መዝገብ ራሱ ያሳስተዋል። ቁጥሩ ምግብ እስኪያስጠላው፣ እንቅልፍ እስኪነሳው ድረስ የሚያስጨንቀው ሰው ግን ሚዛኑን ይተወውና ባለሙያ ያማክር፤ ለእሱ የሚበጀው አለመመዘን ነው።

ቋጠሮውን ትተን ውኃውን ራሱን የምናይበት ጊዜም አለ። የልብ ድካም ያለበት ሰው ክብደቱ በሦስት ቀን ውስጥ ከ2 ኪሎ በላይ ከጨመረ፣ ያ ውኃ በሰውነቱ እየተጠራቀመ ለመሆኑ ምልክት ነውና ሳይውል ሳያድር ሐኪሙን ማግኘት አለበት። ለእሱ ሳምንት መጠበቅ አደጋ ነው።

በሌላ በኩል ቋጠሮው ብቻ የሚያሳየው ነገር አለ። ክብደት ልቀንስ ያላለ ሰው ከስድስት ወር እስከ ዓመት ባለው ጊዜ ከክብደቱ 5 በመቶ ከወረደ ሐኪሞች ምክንያቱን ይፈልጋሉ፤ ሳንባ ነቀርሳ፣ ስኳር፣ ያለ ልክ የሚሠራ የእንቅርት ዕጢ፣ ሌላም ሊሆን ይችላል። 70 ኪሎ ለሚመዝን ሰው ይህ ሦስት ኪሎ ተኩል ነው፤ በስድስት ወር ሲከፋፈል ለሳምንት ከ150 ግራም ያነሰ ይደርሰዋል። በየቀኑ አንድ ኪሎ በሚዋዥቅ ሚዛን ላይ 150 ግራም አይታይም፤ ልብስ ሰፍቶ፣ ዘመድ «ምነው ከሳህ?» እስኪል ድረስ ሰውየው ሳያውቅ ይቆያል። ቋጠሮው ሳይጠየቅ ለብዙ ሳምንት ቁልቁል ሲሄድ ያየ ሰው ማስታወሻውን ይዞ ጤና ጣቢያ ይሂድ። ሐኪሙ «ከመቼ ጀምሮ ነው?» ብሎ ሲጠይቀው ከነቀኑ ያሳየዋል።